ሙቀት በሁለት ድስት

«ነስር መረጃ አይደለም» አለ ጌታሁን፣ ቅድም ያለውን አጥብቆ። «ነስር ነስር ነው። መረጃ የሚሆነው ስንት ልጅ፣ በስንት ሰዓት፣ በስንት ዲግሪ እንደነሰረው ስታውቅ ነው።»

«ልጅቷ ደሟ እየፈሰሰ ዲግሪ ትቁጠርልህ?» አለ ሸረፈዲን። «ምን ተሰማሽ ብለህ ጠይቃት እንጂ። ሙቀት ማለት እሷ የተሰማት ነው። ሌላ ሙቀት የለም።»

«ሌላ ሙቀት የለም?» ጌታሁን ምስክር እንደሚቆጥር ሰው ወደ ተቀመጡት መምህራን ዞረ። «ሰማችሁ አይደል? ቆቦ ላይ ተቀምጦ ሌላ ሙቀት የለም አለ።»

መቅደስ በሁለቱ መካከል፣ የመምህራን ማረፊያው ረጅም ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። የሻሿ ጫፍ እርጥብ ነው፤ የተማሪዋን የብርቱካንን አፍንጫ ጠርጋ መግባቷ ነበር። ልጅቷ ደጅ፣ ከቧንቧው አጠገብ አንገቷን አቅንታ ተቀምጣለች። ክርክሩ ስለ እሷ ነው ቢባልም ወጥቶ ያያት የለም። ለነገሩ ደሙም ቆሟል፤ የቆመ ደም ደግሞ ለሁለቱም ወገን አይጠቅምም።

መቅደስ የስምንተኛ «መ» የሒሳብ መምህርት ናት። ከትምህርት ቤቱ ብሎኮች የአንዱ ጣሪያ ከተነሳ ወዲህ ትምህርቱ በፈረቃ ሆኗል፤ «ሀ» እና «ለ» ጠዋት ይማራሉ፣ «ሐ» እና «መ» ከሰዓት። የጠዋቶቹ የመምህራን፣ የቢሮ ሠራተኞችና የባለሱቆች ልጆች ናቸው። የከሰዓቶቹ ከሮቢት በኩልና ከየገጠሩ በእግራቸው የሚመጡ ናቸው። ድልድሉ በዕጣ ነው ይባላል፤ ዕጣው ሲወጣ ያየ ሰው ግን እስካሁን አልተገኘም።

የ«መ» ክፍል ኮርኒስ የለውም። ፀሐይ ከዞብል ተራራ ተነስታ አናት ላይ ስትደርስ ቆርቆሮው መንቋቋት ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ መቅደስ ሰሌዳው ላይ የምትጽፈውን ቀመር የሚያይ አይኖርም፤ የፊተኞቹ በደብተራቸው ፊታቸውን ያራግባሉ፣ የኋለኞቹ ዴስኩ ላይ ተደፍተው ይተኛሉ፣ አንድ ሁለቱን ይነስራቸዋል። ሰኔ ላይ ሚኒስትሪ አለባቸው። ያለፈው ወደ ዘጠነኛ ይሻገራል፤ የወደቀው ወንድ ከሆነ የአፋርን በረሃ፣ ሴት ከሆነች የአረብ አገርን ደላላ ያውቃል። መቅደስ ባለፈው ዓመት ያስተማረቻቸውን ልጆች ስም ስትጠራ ከየት እንደሚመልሱላት ታውቃለችና፣ ጥር ላይ ወደ ዳይሬክተሩ ወደ አቶ ዘላለም ገብታ አንድ ነገር ለመነች፤ ፈረቃው በየወሩ ይቀያየር።

አቶ ዘላለም ደግ ሰው ነው። በሥራ ዘመኑ ማንንም እምቢ ብሎ አያውቅም፤ ለዚሁ ሲል ነው ኮሚቴዎችን ያቋቋመው።

«መቅዲ፣ እኔ እኮ ካንቺ ጋር ነኝ» አላት። «ግን የ«ሀ» ወላጆች ቢመጡ ምን እላለሁ? ሞቃቸው ልበል? ቆቦ ያልሞቀው ማን አለ? ማስረጃ ያስፈልገኛል።»

«ካልሆነ ደግሞ» አለች መቅደስ፣ «ከአጥሩ ጀርባ የወይዘሮ ሀጀራ ማንጎ አለ። ጠይቄያት ነበር፤ ልጆቹ ይምጡ፣ ያልበሰለውን እንዳይነኩብኝ ብቻ ብላኛለች። እዚያ ጥላው ሥር ላስተምራቸው።»

«ውጭ?» አቶ ዘላለም እንደ መደንገጥ አለ። «ከዞን ሰው ቢመጣ ቆቦ ክፍል የላትም ይላል። ክፍል እያለን ዛፍ ሥር? ያለ ፈቃድ ክፍል የለቀቀ መምህር ማስጠንቀቂያ እንደሚሰጠው መቼም ታውቂያለሽ። ለተግባራዊ ጥናት ኮሚቴው እመራዋለሁ፤ በሳይንሳዊ መንገድ ይጣራ።»

መቅደስም የሒሳብ ሰው ናትና ማስረጃ የሚለው ቃል አልከፋትም። እንዲያውም ደስ አላት። ነገር ሲረጋገጥ የምትወድ ሰው ነበረች፤ በዚያን ጊዜ።

ኮሚቴው ማለት ጌታሁንና ሸረፈዲን ናቸው። ጌታሁን ፊዚክስ ያስተምራል። ክረምት ክረምት እየተመላለሰ ሁለተኛ ዲግሪውን ሲማር የገጠመው አስተማሪ «ያልተለካ ነገር የለም» የሚል ነበር፤ ጌታሁንም ከዚያ ወዲህ ያልተለካ ነገር አላየም። ሸረፈዲን ግብረ ገብ ያስተምራል። እሱን በሌላ ዩኒቨርሲቲ የገጠመው አስተማሪ «እውነት ሰው በኑሮው የሚሠራት እንጂ ደጅ ወድቃ የምትለቀም አይደለችም» ባይ ነበር። ሁለቱ አስተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ተለዋውጠው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ጌታሁን ስለ ስሜት፣ ሸረፈዲን ስለ ቴርሞሜትር ይሟገቱ እንደነበር መቅደስ አትጠራጠርም።

አለመታደል ሆኖ ሁለቱም ጥሩ ሰዎች ናቸው። የተሰበረ ዴስክ ሚስማርና መዶሻ ይዞ የሚጠግነው ጌታሁን ነው፤ ማንም አላዘዘውም። አንድ ልጅ ከትምህርት ሲቀር ቤቱ ድረስ ሄዶ ከወላጆቹ ጋር የሚቀመጠው ሸረፈዲን ነው። ክፉዎች ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ በአንድ ሳምንት ባለቀ። ክፉ ሰው ጥቅሙን ሲያገኝ ይነሳል፤ ለእውነት የተቀመጠ ሰው ግን ማን ያስነሳዋል?

የቴርሞሜትሩ መስቀያ ብቻውን የካቲትን በላ። ጌታሁን ደንቡ ነው ብሎ ከመስኮቱ ራቅ አድርጎ ግድግዳው ላይ ሊሰቅለው ሲል፣ ሸረፈዲን «ልጆቹ ግድግዳው ላይ አልተሰቀሉም» አለ። ዴስክ ላይ ይሁን ሲባል ጌታሁን «የልጆቹ ትንፋሽ ያበላሸዋል» አለ። «ትንፋሻቸው እኮ ነው የሚጠናው» አለ ሸረፈዲን። በመጨረሻ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ፤ ከፍ ብሎ፣ የማንም ትንፋሽ የማይደርስበት ቦታ።

ቁጥሩ ሲመጣ ደግሞ ሸረፈዲን ቴርሞሜትሩን ተውሶ የመምህራን ማረፊያው ውስጥ አስቀመጠው። ያው ዲግሪ ሆነ። አቶ ዘላለም በዚያ ሰዓት ምሳውን በልቶ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ነበር።

«እዩልኝ» አለ ሸረፈዲን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ያው ዲግሪ ብርቱካንን ያስነስራታል፣ ዳይሬክተራችንን ያስንኮራፋቸዋል። የቱ ነው እውነቱ?»

መምህራኑ ሳቁ። ጌታሁን ግን እንዲህ ባለ ነገር የሚረታ አልነበረም። በማግሥቱ ማለዳ፣ ገና ነፋሱ ቀዝቀዝ እንዳለ፣ የ«ሀ» ልጆችን አንድ በአንድ ሞቃችሁ ወይ ብሎ ጠየቃቸው። ሁሉም ሞቀን አሉ። አንደኛውማ አዞረኝ ብሎ ወደ ቤቱ እንዲሄድ ተፈቀደለት።

«ይኸው የአንተ እውነት» አለ ጌታሁን። «ሁሉም ሞቀኝ ካለ የሞቀው ማን ነው?»

መቅደስ ያን ዕለት ሁለቱም ልክ እንደሆኑ ገባት። ሁለት ልክ የሆኑ ሰዎች ደግሞ ከአንድ ስሑት ሰው ይልቅ ለልጆቿ እንደሚከፉ ቀስ እያለ ገባት።

ብርቱካንን ነስሯት ክርክሩ እንደገና የተነሳው መጋቢት መግቢያ ላይ ነው፤ መቅደስ በእርጥብ ሻሽ በመካከላቸው የተቀመጠችበት ያ ቀን። «ሌላ ሙቀት የለም አለ» ብሎ ጌታሁን ምስክር ሲቆጥር ሸረፈዲን ፈገግ ብሎ፣ «አንተ ሰውን እንደ ኩንታል በርበሬ ካልመዘንከው አለ አትልም» አለው። እዚያ ላይ ቢቆም ደህና ነበር። ጌታሁን ግን ሳቁ ወደ ሸረፈዲን ሲያደላ አይቶ ኖሮ፣ መቅደስ ሰምታው የማታውቀውን ቃል ተናገረ።

«አንተማ የልጆችህንም ቁጥር በስሜት ነው የምታውቀው።»

የሸረፈዲን ቤት ልጅ የበዛበት መሆኑን የማያውቅ የለም። ማንም ግን በዚህ መልክ አንስቶት አያውቅም። ሸረፈዲን ወረቀቶቹን ሰበሰበ።

«አልሰማሁም ልበል?» አለ በዝግታ።

«አልሰማሁም ካልክማ አልተነገረም ማለት ነው» አለ ጌታሁን። «በራስህ ፍልስፍና።»

ሸረፈዲን ወጣ። ብርቱካን ከቧንቧው አጠገብ ተነስታ «ደህና ዋሉ ቲቸር» አለችው፤ ልማዱ አልነበረም፣ ሳይመልስላት አለፈ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታ ተቋረጠ። ኢድ ሲደርስ በየዓመቱ ከነቤተሰቡ የሚመጣው ጌታሁን ሳይመጣ ቀረ። የሸረፈዲን ሚስት ለእሱ ብላ ያዘጋጀችው የጾም ምግብ ሰፌድ ተከድኖ እንደዋለ ከተማው ሁሉ ሰማ። ለፋሲካ ተራው የሸረፈዲን ነበር፤ እሱም ቀረ። ጌታሁን በሙስሊም እጅ አሳርዶ ያስቀመጠለት ዶሮ ለጎረቤት ተላከ። ይህ በቆቦ ትንሽ ነገር አይደለም። ሰው በበዓል ከቀረ፣ በለቅሶ ሊቀር ነው። በለቅሶ ከቀረ ልጆች ይወርሱታል።

ከተማው የጠቡን መነሻ ለማወቅ ደከመ። ሁለት ያረጁ መምህራን ዕውቀት ከየት ይመጣል በሚል ተኳረፉ ብሎ የሚያምን ጤነኛ ሰው አልተገኘም። ገበያ ላይ የመስኖ ውሃ ተራ ነው ተባለ። ዋጃ ሲደርስ የድንበር ጉዳይ ሆነ። አላማጣ የሰሙት ደግሞ ሽጉጥ ተማዘው በሰው ብዛት ነው የተላቀቁት አሉ።

መቅደስ በዚህ ሁሉ መካከል እየተመላለሰች ጠየቀች። ጌታሁን «ሸረፈዲን ሳይፈርም ምን አደርጋለሁ?» አላት። ሸረፈዲን «አብሽሪ፣ እሱ ቃሉን ያንሳ እንጂ ያንቺ ጉዳይ ቀላል ነው» አላት። አቶ ዘላለም ደግሞ የኮሚቴውን ነፃነት እንደሚያከብር ነገራት። ሚያዝያ አለቀ። ከፋሲካ በኋላ ያለው ፆም የሌለበት ሐምሳ ቀን ገና አላለቀም፤ ግንቦት ቆርቆሮውን ያዘው። ሁለት ልጆች ከ«መ» ቀሩ። ሸረፈዲን ጠቡ ባይኖርበት ቤታቸው ይሄድ ነበር፤ አሁን ግን የከሰዓት ልጆችን ቢያነጋግር መረጃ እየሰበሰበ ነው እንዳይባል ተጠነቀቀ።

በመጨረሻ ሽማግሌ ተላከ። ሼህ መህዲና አቶ ካሳው በራያ ቆላ ደም ያደረቁ፣ ገዳይና የሟች ወንድምን አንድ ማዕድ ያስቀረቡ ሰዎች ናቸው። ከትምህርት ቤቱ ግቢ፣ የመምህራን ማረፊያው ፊት ለፊት ካለው የኒም ዛፍ ሥር ወንበር ተደረደረ። ጊዜው የከሰዓት ፈረቃ ነበር፤ ዕርቅ ግን ከትምህርት ይበልጣል ተብሎ መምህራኑ በሙሉ ተሰበሰቡ። ተማሪዎች «ጸጥ ብላችሁ ክፍል ውስጥ ቆዩ» ተባሉ። ሁለት በግ ታርዷል፤ አንዱ በግቢው ቀኝ በሙስሊም፣ አንዱ በግራ በክርስቲያን። ሁለት ድስት ተጥዷል።

ሼህ መህዲ ዱአ አድርገው ጀመሩ። «እንግዲህ ልጆቼ፣ የተወሰደው ምንድን ነው? መሬት ነው?»

«አይደለም» አለ ጌታሁን መሬት መሬት እያየ።

«ውሃ ነው?»

«አይደለም ሼሁ» አለ ሸረፈዲን።

«የሴት ነገር እንዳይሆን ብቻ» አሉ አቶ ካሳው።

«ኧረ አባቴ።»

«ታዲያ ምኑን እናካፍላችሁ?»

ጌታሁን ጉሮሮውን ጠራርጎ አስረዳ፤ እውነት ከሰው ውጭ ያለች፣ የምትለካ ነገር ናት። ሸረፈዲንም አስረዳ፤ እውነት ሰው በልቡ የሚሠራት ናት። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን እየነቀነቁ፣ ጥይት የት እንደገባ የሚነገራቸው ያህል በትዕግሥት አዳመጡ። ሲያልቅ አቶ ካሳው ወደ ሼሁ ዘወር አሉ።

«ይህን ያህል ዘመን ስናስታርቅ ስለ ሙቀት የመጣብን አለ?»

«የለም» አሉ ሼህ መህዲ። «በብርድ አንድ ጊዜ መጥቶብናል፤ እሱም የጋቢ ስርቆት ነበር።»

ተሳቀ። አቶ ካሳው ከዘራቸውን መሬት ላይ አቆሙ። «ስሙ ልጆቼ። እኛ ወሎዎች ከአባቶቻችን ጀምሮ በሁለት ድስት እየበላን በአንድ ጥላ ሥር ኖረናል። ሼህ መህዲ ከእኔ ድስት አልቀመሱም፣ እኔም ከእሳቸው፤ የጎደለ ወዳጅነት ግን የለንም። ሥጋ በሁለት ድስት ከበሰለ ሙቀት ምን ይሆናል? አንተ ለካ፣ አንተ ጠይቅ። ሁለቱንም ጻፉ። አለቀ።»

አቶ ዘላለም ከመቀመጫው ተነሳ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ይህ እኮ በመጽሐፍ ያለ ነው» አለ። «ቅይጥ የምርምር ዘዴ ይባላል።»

ጌታሁን ተነስቶ ቃሉን አነሳ፤ «ልጆችህን እግዜር ይባርካቸው፣ አፌ ነው» አለ። ሸረፈዲንም አንገቱን አቀፈው። ትከሻ ለትከሻ ተገጫጩ። ሴቶቹ እልል አሉ። መቅደስም ከልቧ ደስ አላት፤ ይህን ደግሞ ያስተማራት የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ የለም፣ ሁለቱንም ስለምትወዳቸው ነው። እልልታው ሲበርድ ቆመች።

«እንግዲህ ከተስማማችሁ» አለች፣ «ልጆቼ ከሰኞ ጀምሮ ጠዋት ይግቡልኝ? ፈተናው ደርሷል።»

ጌታሁንና ሸረፈዲን ተያዩ። ከየካቲት ወዲህ እንዲህ በፍቅር ተያይተው አያውቁም።

«እንዴት ይሆናል መቅዲ?» አለ ጌታሁን። «አሁን ከቀየርናቸው የምለካው ምኑን ነው?»

«እኔስ ማንን ልጠይቅ?» አለ ሸረፈዲን። «ልምዱን በመኖር ላይ ያለ ሰው ነው የሚጠየቀው። ነፋሻ ቦታ ያለ ልጅ ስለ ሙቀት ቢነግረኝ ወሬ ነው።»

«በትክክል» አለ ጌታሁን።

«እንዲያውም ምንም ሳይነኩ ባሉበት ቢቆዩ» አለ ሸረፈዲን።

«እስከ ዓመቱ መጨረሻ» አለ ጌታሁን። «ለማነጻጸሪያም የሚቀጥለው ዓመት።»

ሽማግሌዎቹ ይህን ስምምነት አይተው እንደገና እልል አስባሉ። ሼህ መህዲ መቅደስን ጠርተው «አብሽሪ ልጄ፣ ሰብር ነው፣ መታገሥ ነው» አሏት። «ሳይንስ እኮ ነው። ለልጆቹ ብለው ነው የደከሙት።»

መቅደስ ተቀመጠች። ሥጋው ቀረበ፤ ለእያንዳንዱ ከየድስቱ። ከ«መ» ክፍል መስኮት አንድ እጅ ደብተር ያራግባል። ከዚያ ወዲህ ያለውን አልሰማችም ማለት ይቻላል፤ ጥቂት ቆይቶ ግን የሁለቱ ድምፅ ከፍ አለ። ጥናቱ ሲታተም የማን ስም ይቅደም የሚለው ተነስቷል። ሸረፈዲን ትሑት ሰው ስለሆነ በፊደል ተራ ይሁን አለ፤ «ሸ» ከ«ገ» ይቀድማል። ጌታሁንም ትሑት ነው፤ ጆርናሉ የሚያወጣው በእንግሊዝኛ ስለሆነ በእነሱ ፊደል ይሁን አለ። አቶ ካሳው ጉርሻቸውን ይዘው ቆሙ፤ የመሬቱ ድንበር በመጨረሻ የተገኘ መሰላቸው።

መቅደስ እጇን ታጠበችና ተነስታ ወደ ክፍሉ ሄደች። በሩን ስትከፍት የምድጃ አፍ የተከፈተ መሰላት። ልጆቹ ተነሱ፤ ብርቱካን አፍንጫዋ ላይ የነጠላ ቁራጭ ይዛለች።

«ቲቸር፣ ታረቁ?»

«ታርቀዋል።»

«በምን ተስማሙ?»

መቅደስ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ቴርሞሜትር ቀና ብላ አየችው። «እናንተ ከዚህ እንዳትነሱ» አለች።

ከኋላ አንዱ እንደ መሳቅ አደረገው።

«ዴስካችሁን ያዙ» አለች መቅደስ። «ወይዘሮ ሀጀራ ያልበሰለውን ማንጎ እንዳትነኩ ብላለች።»

ወደ አጥሩ በር የሚያስኬደው መንገድ አንድ ነው፤ በኒሙ ሥር፣ በሁለቱ ድስት መካከል። ልጆቹ ዴስካቸውን ለሦስት ለአራት እየተሸከሙ ወጡ። ኋላ ያሉት ሰሌዳውን በራሳቸው ላይ አድርገውታል። አቶ ካሳው ከዘራቸውን ዴስኩ እንዲያልፍ ሰበሰቡ፤ «እንግዲህ ደግሞ ይህንንም በሁለት ብናደርገው» እያሉ ነበር። ሸረፈዲን ሰሌዳው እንዳይነካው አንገቱን ዘንበል አድርጎ «በአማርኛም ይታተማል እኮ» አለ። ጌታሁን እግሩን ሳበ። አቶ ዘላለም አንዱ ልጅ ሲደናቀፍ ወንበሩን ገፋ አድርጎ አሳለፈውና ወደ ወሬው ተመለሰ። ብርቱካን ጠመኔውን በነጠላዋ ቋጥራ መጨረሻ ወጣች፤ መቅደስ የአጥሩን በር ከኋላዋ ገጠመችው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጌታሁን ቴርሞሜትሩ የሚነበብበት ሰዓት መድረሱን አስታውሶ ተነሳ። የ«መ» ክፍል በር ላይ ቆሞ ግድግዳውን ቀና ብሎ አየ፣ ጻፈ፣ ተመለሰ።

«ስንት ሆነ?» አለው ሸረፈዲን፣ ወንበሩን እየሳበለት።

«ሠላሳ ስምንት።»

«ጥሩ ነው» አለ ሸረፈዲን። «ነገ እኔ እጠይቃቸዋለሁ።»